ዎለስ ካሮዘርስና የናይለን ቻይነት

በሬዲዮ የሚመሩ ትናንሽ የእሽቅድምድም መኪናዎች በብዙ አገር ከልጆች መጫወቻነት አልፈው የጎልማሶች መዝናኛ ከሆኑ ቆይተዋል። ከእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ ያህል መጠን ያላቸው እነዚህ መኪናዎች በሰዓት ሃምሳ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሮጣሉ፤ ከድንጋይ ጋር ይላተማሉ፤ ከጉብታ ላይ ዘለው በአንድ ጎማ ያርፋሉ። ዱላውን ሁሉ የሚቀበለው ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው፣ በጋራዥ ቋንቋ ብራቾ የሚባለው፣ ከጣት ብዙም የማይረዝም የፕላስቲክ ክንድ ነው። ይህ ክንድ በየጊዜው ስለሚሰበር የመዝናኛው ተከታዮች ልዩ ልዩ መላ ዘይደዋል፤ ከመላዎቹም አንዱ አዲሱን ክንድ ከመግጠማቸው በፊት በፈላ ውሃ መቀቀል ነው። ብረት በእሳት ግሎ በውሃ ሲነከር እንደሚጠነክር የሚያውቅ መሐንዲስ እንኳ፣ ፕላስቲክ እንደ ድንች ተቀቅሎ ይጠነክራል ቢሉት ነገሩን በጥርጣሬ ማየቱ አይቀርም። ሆኖም ክንዱ ከናይለን የተሠራ ከሆነ መላው እውነት ነው። ከሌላ ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ግን ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ይጣመማል።

ናይለን ውሃ ሲጠጣ ለምን ቻይ እንደሚሆን ለመረዳት ወደ መጀመሪያው ሠሪው መመለስ ያስፈልጋል። እርሱም ዎለስ ሂዩም ካሮዘርስ ነው። ስሙን የኬሚስትሪ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ እርሱ ግን ናይለን የሚለውን ስም ሳይሰማ ሞተ። በአጭር የሥራ ዘመኑ አጥብቆ የታገለውም ከዚሁ ከውሃ ጋር ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካሮዘርስ ኤፕሪል 27 ቀን 1896 በአሜሪካ፣ በአዮዋ ክፍለ ግዛት፣ በርሊንግተን በምትባል ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ከአራት ልጆች የመጀመሪያው ነበር። አባቱ ደ ሞይን በተባለችው ከተማ በሚገኝ የንግድ ኮሌጅ መምህር፣ በኋላም ምክትል ፕሬዚዳንት ስለነበሩ፣ ልጃቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1914 እንደጨረሰ በዚያው ኮሌጅ ገብቶ የሒሳብ መዝገብ አያያዝና የጸሐፊነት ሙያ ተማረ። ትምህርቱን በአንድ ዓመት አጠናቀቀ፤ ልቡ ግን በሌላ ቦታ ነበርና በ1915 በሚዙሪ ወደሚገኘው ታርኪዮ ወደተባለ አነስተኛ ኮሌጅ አመራ። በዚያም እያስተማረ ይማር ነበር። በመጀመሪያ በንግድ ትምህርት ክፍል፣ ቀጥሎም በእንግሊዝኛ ክፍል በረዳትነት ሠራ። በመጨረሻ የሳበው ግን ኬሚስትሪ ነው። የኬሚስትሪ መምህሩ አርተር ፓርዲ ኮሌጁን ለቅቆ ሲሄድ ተተኪ በመታጣቱ፣ ገና ያልተመረቀው ካሮዘርስ ራሱ የትምህርቱ አስተማሪ ሆነ። በጤናው ምክንያት ለአንደኛው የዓለም ጦርነት አልተመለመለም። የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘው በ1920፣ በ24 ዓመቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የትምህርት ጉዞው ፈጣን ነበር። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ1921 ሁለተኛ ዲግሪውን፣ በ1924 ደግሞ በሮጀር አዳምስ መሪነት የዶክትሬት ማዕረጉን አገኘ። ሁለት ዓመት በዚያው ካስተማረ በኋላ በ1926 ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ሙዚቃ የሚወድ፣ ብዙ የሚያነብ፣ ከወዳጆቹ ጋር ሲሆን ተጫዋች፣ በሕዝብ ፊት መቆም ግን እጅግ የሚከብደው ሰው ነበር። ከወጣትነቱ ጀምሮ እየተመላለሰ የሚይዘው ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት ነበረበት። ይህን ሕመም ዛሬ ሐኪሞች በስሙ ይጠሩታል፤ ብዙውን ጊዜም ያስታግሡታል። በዚያ ዘመን ግን ሕመምተኛው ራሱ እንደ ሰነፍ ወይም እንደ ደካማ ሊቆጥረው የሚችል ነገር ነበር።

በ1927 ዱፖን የተባለው የኬሚካል ኩባንያ፣ በኬሚካል ክፍሉ ኃላፊ በቻርልስ ስታይን አሳሳቢነት፣ ወዲያው ገበያ ላይ የሚውል ዕቃ ሳይጠብቅ መሠረታዊ ምርምር የሚያካሂድ ቡድን ለማቋቋም ተነሣ። ለአንድ ትርፍ ፈላጊ ኩባንያ ይህ ድፍረት ነበር። ለኦርጋኒክ ኬሚስትሪው ክፍል የታጨው ካሮዘርስ በመጀመሪያ ጥሪውን አልተቀበለም። አልፎ አልፎ የሚይዘው ጭንቀት ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ በኢንዱስትሪ ውስጥ የበለጠ ሊጎዳው እንደሚችል ለኩባንያው ሳይሸሽግ ጻፈ። ሥራ የሚፈልግ ሰው ለቀጣሪው እንዲህ ብሎ መጻፉ የተለመደ አይደለም። ኩባንያው ግን አልተወውም፤ ደሞዙንም ከሃርቫርዱ እጥፍ ለማድረግ ጥቂት እስኪቀረው ከፍ አደረገለት። በፌብሩዋሪ 1928 ካሮዘርስ በደላዌር ክፍለ ግዛት፣ በዊልሚንግተን በሚገኘው የኩባንያው የምርምር ጣቢያ ሥራ ጀመረ። የጣቢያው ሌሎች ኬሚስቶች አዲሱን ሕንፃ የንጽሕና አዳራሽ እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

በዚያን ጊዜ ሊቃውንቱን የሚያከራክረው ጥያቄ የጎማ፣ የሐርና የእንጨት ባሕርይ ነበር። ብዙዎቹ እነዚህ ነገሮች ትናንሽ ሞሌኪውሎች ምንነቱ ባልታወቀ ኃይል ተከማችተው የሚፈጥሯቸው ክምችቶች ናቸው ይሉ ነበር። ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር ደግሞ ከ1920 ጀምሮ፣ የለም፣ እያንዳንዱ በተራ የኬሚካል ማሰሪያ የተያያዘ አንድ ረጅም ሞሌኪውል ነው ሲል ይሟገት ነበር። ካሮዘርስ ክርክሩን በክርክር አልፈታውም። ረጅም ሞሌኪውል ካለ ጠባዩ በሚታወቅ የኬሚካል ውሕደት ቀለበት በቀለበት እየቀጠሉ መሥራት ይቻላል፤ ከተሠራም ሙግቱ ያበቃል ብሎ ተነሣ።

ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው። አሲድና አልኮል ሲዋሐዱ ኤስተር የሚባለውን ይሰጡና አንዲት የውሃ ሞሌኪውል ትወጣለች። አሲዱ በሁለቱም ጫፉ አሲድ፣ አልኮሉም በሁለቱም ጫፉ አልኮል ቢሆን ግን ውሕደቱ በአንድ መገጣጠሚያ አይቆምም፤ እያንዳንዱ ጫፍ ሌላ እየያዘ ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ በየመገጣጠሚያውም አንዳንድ ውሃ ይወጣል። ታላቁ ጀርመናዊ ኬሚስት ኤሚል ፊሸር ቀደም ሲል የሞሌኪውል ክብደቱ 4,200 የሆነ ነገር በመሥራቱ ይደነቅ ነበር። የካሮዘርስ ቡድን ብዙም ሳይቆይ ይህን አልፎ 5,000 እና 6,000 ደረሰ። ከዚያም ቆመ። የቻሉትን ያህል ቢያሞቁት፣ ጊዜም ቢሰጡት ሰንሰለቱ ከዚያ በላይ አልረዝም አለ።

የቆመበት ምክንያት ውሃው ነበር። ውሕደቱ ወደፊት ብቻ ሳይሆን ወደኋላም ይሄዳል፤ የወጣችው ውሃ ከአካባቢው ካልተወገደች ተመልሳ መገጣጠሚያውን ትቆርጣለች። ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚከብድ ካሮዘርስ ራሱ በ1936 ባሳተመው ስሌት ይታያል። ስሌቱ የሰንሰለቱ አማካይ የቀለበት ብዛት፣ አንድን ገና ላልተያያዙት ጫፎች ድርሻ በማካፈል ይገኛል ይላል። ከመቶው ጫፍ 95ቱ ቢያያዙ አምስት ከመቶ ይቀራል፤ ሰንሰለቱም በአማካይ 20 ቀለበት ብቻ ይኖረዋል። 99 ሲያያዙ 100፣ 99.5 ሲያያዙ 200 ይሆናል። በተራ የኬሚስትሪ ሥራ 95 ከመቶ ያገኘ ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል። በሰንሰለት ሥራ ግን ይህ ውጤት የሚሰጠው ሲነኩት የሚፈረፈር ሰም መሰል ነገር ነው። ጥንካሬው ሁሉ ያለው በመጨረሻዋ አንድ ከመቶ ውስጥ ነው።

መፍትሔው ሞሌኪውላዊ ማንጠሪያ የተባለው መሣሪያ ሆነ። በዚህ መሣሪያ ውስጥ አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል፤ ከሞቀው ቁስ ፊት ለፊት በጣም ቀርቦ ቀዝቃዛ ገጽ ይቀመጣል። ከቁሱ ያመለጠች ውሃ ሁሉ ከቀዝቃዛው ገጽ ላይ ተጣብቃ ትቀራለች እንጂ ወደ ኋላ አትመለስም። በኤፕሪል 1930 የካሮዘርስ ባልደረባ ጁሊያን ሂል በዚህ መሣሪያ ክብደቱ ከ12,000 በላይ የሆነ ፖሊኤስተር ሠራ። ከቀለጠው ላይ በዘንግ ጫፍ ነክቶ ሲስበው ክር ሆኖ ተመዘዘ። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። የቀዘቀዘው ክር ፈዛዛና ደካማ ነበር፤ ሲጎትቱት ከመበጠስ ይልቅ ብዙ እጥፍ ረዘመ፤ ረዝሞም የሚያበራ፣ የሚለጠጥና እጅግ ብርቱ ክር ሆነ። ወጣቶቹ ኬሚስቶች የቁሱን ጫፍ ይዘው ምን ያህል እንደሚዘረጋ ለማየት በአዳራሹ መተላለፊያ ሮጡ ይባላል። በዚያው ወር ሌላው ባልደረባቸው አርኖልድ ኮሊንስ በኋላ ኒዮፕሪን የተባለውን ሰው ሠራሽ ጎማ አገኘ። አንድ ቡድን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት እንዲህ ያሉ ግኝቶችን ማስመዝገቡ በሙያው ታሪክ ብዙ አይገኝም።

ለመሐንዲስ የሂል ክር ትርጉም ግልጽ ነው። ከመጎተቱ በፊትም ሆነ በኋላ የክሩ ኬሚካላዊ ይዘት አንድ ነው፤ የተለወጠው የሰንሰለቶቹ አቀማመጥ ነው። እንደ ተዘበራረቀ ልቃቂት የነበሩት ሰንሰለቶች በጉተታው አቅጣጫ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ሸክሙን የሚሸከመውም በሰንሰለቶቹ መካከል ያለው ደካማው መያያዣ ሳይሆን ሰንሰለቶቹ ራሳቸው ይሆናሉ። ከዚያ ወዲህ ፕላስቲክን ማጠንከር ሲባል ቀድሞ የሚጠየቀው የሰንሰለቱ ርዝመት፣ ቀጥሎም የሰንሰለቶቹ አሰላለፍ ሆነ።

ይሁን እንጂ ያ የመጀመሪያ ክር ለገበያ አልበቃም። መቅለጫው ከውሃ መፍያ በታች በመሆኑ እንኳን ካውያ የሞቀ ውሃም አይችልም ነበር። በዚያው ዓመት ስታይን ወደ ከፍተኛ ኃላፊነት ሲያልፍ ቦታውን የያዘው ኤልመር ቦልተን፣ ምርምር መጨረሻው ዕቃ መሆን አለበት የሚል ሰው ነበር። ቦልተን ክፉ አለቃ አልነበረም፤ ያለ እርሱ ግፊት ናይለን አይኖርም ነበር ማለትም ይቻላል። ለካሮዘርስ ግን የተገባለት የነፃነት ቃል ቀስ በቀስ እየሟሟ መሄዱ አልጠፋውም። ብዙ ጽሑፍ ቢያሳትምና ስሙ በውጭ አገር ሁሉ ቢታወቅም ጭንቀቱ እየበረታ፣ መጠጡም እየበዛ ሄደ። በ1934 ለጥቂት ጊዜ በባልቲሞር ከተማ ለሕክምና ተኛ።

ሥራው የተነሣው በአሲድና በአልኮል ምትክ አሲድና አሚን ሲያያዙ ነው። የሚገኘው ፖሊአማይድ ሲሆን ከፖሊኤስተሩ የሚለየው በሰንሰለቶቹ መካከል ባለው መያያዝ ነው። በየሰንሰለቱ ላይ በየርቀቱ ያለው አንዱ የሃይድሮጅን ጫፍ ከጎረቤቱ ኦክስጅን ጋር እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ይቆለፋል። እነዚህ ቁልፎች አንድ በአንድ ሲታዩ ደካሞች ናቸው፤ በአንድነት ግን መቅለጫውን ከመቶ ዲግሪ በታች ከነበረው ወደ ሁለት መቶ ዲግሪና ከዚያም በላይ ያደርሱታል። በሜይ 1934 ዶናልድ ኮፍማን የመጀመሪያውን ጥሩ የፖሊአማይድ ክር መዘዘ። ከዚያ የቡድኑ አባላት የተለያየ ርዝመት ያላቸውን አሲዶችና አሚኖች እያጣመሩ ብዙ ዓይነት ሞከሩ፤ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1935 ጄራርድ በርሼ እያንዳንዳቸው ስድስት ካርቦን ካላቸው አሲድና አሚን ፖሊአማይድ 66 የተባለውን ሠራ። መቅለጫው ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ካሮዘርስ ይወድ የነበረው ሌላውን፣ 5-10 የተባለውን ነበር። ቦልተን ግን 66ን መረጠ፤ ሁለቱንም ጥሬ ዕቃዎች ከድንጋይ ከሰል ከሚገኘው ቤንዚን በብዛት ማምረት ይቻል ነበርና። እንደ መሐንዲስ ሲታይ ምርጫው ትክክል ነበር።

እዚህ ላይ የካሮዘርስ የቀድሞ ሙያ ትዝ ይላል። ረጅም ሰንሰለት እንዲገኝ ውሃው መወገዱ ብቻ አይበቃም፤ የአሲዱና የአሚኑ ቁጥርም እኩል ለእኩል መሆን አለበት። አንዱ በጥቂቱ ቢበልጥ ሰንሰለቱ ሁሉ በሚበልጠው ጫፍ ይዘጋና እድገቱ ይቆማል። መፍትሔው አሲዱንና አሚኑን በቅድሚያ ጨው አድርጎ ማጥራት ሆነ፤ በጨው ውስጥ ሁለቱ አንድ ለአንድ ብቻ ስለሚገኙ ሚዛኑ በራሱ ይጠበቃል። ገቢና ወጪን እስከ ሳንቲም ማስታረቅ የተማረ ሰው በሞሌኪውል ላይም ያንኑ ሲያደርግ ማየት ደስ ይላል። በ1934 ወደ ቡድኑ የገባው ወጣቱ ፖል ፍሎሪ ይህንኑ የሒሳብ መንገድ ይዞ እጅግ ርቆ ሄደ፤ በ1974 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ካሮዘርስ ግን ሥራው ወደ ፋብሪካ በቀረበ ቁጥር እርሱ ራሱ ከሥራው እየራቀ ነበር። በፌብሩዋሪ 1936 በዚያው ኩባንያ ትሠራ የነበረችውን ሔለን ስዊትማንን አገባ። በኤፕሪል የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ ከኢንዱስትሪ የመጣ ኦርጋኒክ ኬሚስት ለዚህ ክብር ሲበቃ እርሱ የመጀመሪያው ነው። ከወራት በኋላ ግን ፊላዴልፊያ በሚገኝ የአእምሮ ሆስፒታል ገባ። ሮጀር አዳምስ በበጋው ይዞት ወደ አልፕስ ተራሮች ሄዶ አብሮት ተጓዘ፤ የተማሪው ሕመም ምን ያህል እንደሆነ የተረዳ መምህር ሊያደርግለት የሚችለውን አደረገለት። በጃንዋሪ 1937 እጅግ የሚወዳት እኅቱ ኢዛቤል በሳንባ ምች ሞተች። ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ተስፋው ሁሉ የተሟጠጠ፣ አንድም የሚረባ ሐሳብ የማይወጣው ከንቱ ሰው የሆነ መስሎ ይታየው ነበር። ይህን የሚያስበው የፖሊአማይዱ የፈጠራ መብት ማመልከቻ በስሙ በተዘጋጀበት ሰሞን ነው። ማመልከቻው ኤፕሪል 9 ቀን 1937 ገባ። ኤፕሪል 29 ቀን ካሮዘርስ በፊላዴልፊያ ከተማ በአንድ ሆቴል ክፍል ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። 41 ዓመት ከሞላው ሁለት ቀን ነበር። ልጁ ጄን የተወለደችው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ነው።

የቀረውን ዓለም ያውቀዋል። ኩባንያው ናይለን ብሎ የሰየመውን ክር በኦክቶበር 1938 ለሕዝብ አስታወቀ፤ በሜይ 1940 የሴቶች ካልሲ ሆኖ በመላው አሜሪካ ተሸጠ፤ በጦርነቱ ጊዜ ጃንጥላና ገመድ ሆነ። ስሙ በየቋንቋው ገባ፤ በእኛም አገር ናይለን ተባለ። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ግን የክሩ ሳይሆን የሌላው ታሪክ ነው። ናይለን ከ1940ዎቹ ጀምሮ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ቀልጦ እየተጨመቀ ጥርስ፣ ቡሽና መያዣ መሥሪያ ሆነ። በሬዲዮ የሚመሩት መኪናዎች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በብዛት ሲመረቱ፣ ዱላ ለሚበዛባቸው ክፍሎች ተመራጭ ከሆኑት ቁሶች አንዱ እርሱ ነው።

ቅርጽ በማውጣት ሥራ የካሮዘርስ የጥንት ጠላት እንደገና ይመጣል። የናይለን ፍሬ አየር ላይ ሲቆይ እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበቱ ከ0.2 ከመቶ በላይ ሆኖ ፍሬው ቢቀልጥ፣ ውሃው በዚያ ሙቀት መገጣጠሚያዎቹን እየቆረጠ ሰንሰለቶቹን ያሳጥራል። ከማሽኑ የሚወጣው ክንድ መልኩ ከሌላው ብዙም ሳይለይ በመጀመሪያው ግጭት ይሰበራል። እንዲህ ያለውን ክንድ መቀቀል አያድነውም፤ ያጠረ ሰንሰለት ተመልሶ አይረዝምም። ስለዚህ ፋብሪካው ፍሬውን አስቀድሞ ያደርቀዋል፤ ከማሽኑ የሚወጣውም ክንድ ደረቅ ነው። ደረቅ ናይለን ጠንካራና ግትር ቢሆንም በድንገተኛ ምት፣ ይልቁንም ጫር ወይም ስለታም ማዕዘን ባለበት ቦታ፣ ቶሎ ይሰነጠቃል።

አሁን ውሃው ወዳጅ ይሆናል። በተጠናቀቀው ክንድ ውስጥ፣ ከመቅለጫው እጅግ ዝቅ ባለ ሙቀት፣ ውሃ ሰንሰለቱን በአጭር ጊዜ አይቆርጥም። የሚገባው በሰንሰለቶቹ መካከል ነው፤ ከላይ ቁልፍ ያልናቸውን መያያዣዎች እየፈታ በቦታቸው ራሱ ይቀመጣል። ሰንሰለቶቹም ምት ሲያርፍባቸው ከመበጠስ ይልቅ ትንሽ የመንሸራተት ዕድል ያገኛሉ። መደበኛ ናይለን 66 እርጥበቱ 50 ከመቶ በሆነ አየር ውስጥ ከራሱ ክብደት 2.5 ከመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፤ ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቢነከር 8.5 ከመቶ ያህል ይጠጣል። በ2.5 ከመቶው ላይ ግትርነቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ጫር ያለበት ናሙና ምትን የመቻል አቅሙ ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለሆነም ተቀቀለ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። በትክክለኛው አነጋገር ክንዱ ለሰሰ፤ ለስሶም ቻይ ሆነ።

ጥንካሬ፣ ግትርነትና ቻይነት ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መርሳት በዚህ መዝናኛ ብዙ ክንድ ያሰብራል። ናይለኑ ውስጥ 30 ከመቶ ያህል አጫጭር የመስታወት ቃጫ ቢጨመር፣ ደረቁ ቁስ እስከሚበጠስ የሚሸከመው ጉተታ ወደ እጥፍ፣ ግትርነቱም ወደ ሦስት እጥፍ ያድጋል። ነገር ግን ከመበጠሱ በፊት የሚለጠጠው ጥቂት ከመቶ ብቻ ነው። ለስላሳ ሜዳ ላይ የሚሽቀዳደም ሰው፣ ጎማው ከተቀመጠበት ማዕዘን ፈቀቅ እንዳይል ስለሚፈልግ ይህ ይስማማዋል። ድንጋያማ ቦታ ለሚነዳ ግን ንጹሑ ናይለን ይሻላል። ከአሉሚኒየም የተሠራ ክንድ የሚገዙም አሉ፤ ክንዱ ላይሰበር ይችላል፣ ምቱ ግን ወደ ሻንሲው ያልፍና የበለጠ ዋጋ ያለውን ክፍል ይሰብራል።

የቃጫው ነገር የሂልን ክር የሚያስታውስ ሌላ ገጽ አለው። ቀልጦ የሚፈስ ናይለን ቃጫዎቹን በፍሰቱ አቅጣጫ ያሰልፋቸዋል፤ ክንዱም በዚያ አቅጣጫ ብርቱ፣ በአግድሙ ደካማ ይሆናል። ለፒን በተተወ ቀዳዳ ዙሪያ ፍሰቱ ለሁለት ተከፍሎ ከጀርባ ሲገናኝ፣ ቃጫዎቹ መገናኛውን አይሻገሩትም። ቀጭኗ የመገናኛ መሥመር አንዳንድ ጊዜ በዓይንም ትታያለች፤ ስንጥቅም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በዘመናችን ሰዎች ክንዱን በቤታቸው በሦስት ገጽታ ማተሚያ ከናይለን ሲያወጡም ችግሩ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል፤ ንብርቦቹ እርስ በርሳቸው የሚያያዙበት ጉልበት ከንብርቡ የራሱ ጥንካሬ ያንሳል። ስለዚህ ክንዱ በማተሚያው ላይ የሚተኛበት አቅጣጫ ከቁሱ ምርጫ ያላነሰ ጉዳይ ነው። የተሰበረ ናይለን ደግሞ በተራ ማጣበቂያ አጥብቆ አይያያዝም፤ አዲስ መግዛት ይቀላል።

ስለ መቀቀሉ የሚነገረው የሰዓት ቁጥር ብዙ ነው፤ አንዱ አሥራ አምስት ደቂቃ ይላል፣ ሌላው ሁለት ሰዓት። ሁለቱም እንደ ውፍረቱ ሊሆን ይችላል። ውሃ ወደ ናይለን የሚዘልቅበት ጊዜ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክንድ የሚፈጅበትን ጊዜ አራት ሚሊ ሜትር ያለው አራት እጥፍ ይፈጃል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና ጥቂት ማርዘም ያስፈልጋል። ውሃ የጠጣ ክንድ ርዝመቱ ከመቶ ግማሽ ያህል ስለሚያድግ የፒንና የኩሽኔታ ልክ ከመቀቀሉ በኋላ መታየት አለበት። ከሰዓት ይልቅ የሚታመነው ሚዛን ነው። ከመቀቀሉ በፊት ደረቅ ሆኖ 10 ግራም የመዘነ ንጹሕ የናይለን ክንድ 10.25 ግራም ሲሆን 2.5 ከመቶውን አግኝቷል። 30 ከመቶ የመስታወት ቃጫ ያለበት ከሆነ ውሃ የሚጠጣው ናይለኑ ብቻ ስለሆነ 10.17 ግራም ላይ ማቆም ይበቃል። ከዚያ ውሃው በገንዳው ከተጠራቀመበት ከገጹ ወደ መሐሉ እንዲዳረስ ክንዱን በታሸገ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አንድ ሁለት ቀን አስቀምጦ መግጠም ነው።